እርጥብ ኬሻ የለበሰው ፍሪጅ

ጭንቅላቴን ፍሪጅ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ያየኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ጠፋብዎ?» ብሎ ነው። ምንም አልጠፋብኝም። በመጋቢት፣ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሽማግሌ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ለጆሮዎቹ ትንሽ ብርድ ነው። በሩን እከፍታለሁ፤ ጎንበስ እላለሁ፤ ራሰ በራዬን በወተቱና በቲማቲሙ መሀል አስገብቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ደባርቅ እሄዳለሁ። ደባርቅ ደርሼ፣ ጉም ውስጥ ገብቼ፣ ጋቢዬን ልደርብ ስል ከኋላዬ ድምፅ ይመጣል።

«ወተቱም ከአንቱ ጋር ሊያረጅ ነው። ይዝጉት!»

ሚስቴ ናት። በደህናው ቀን «አንተ» ነው የምትለኝ። ስትቆጣ ግን ወደ «አንቱ» ታወጣኛለች። በዚያ ሰሞን አንድም ቀን ከአንቱታ አልወረድኩም፤ በመላው መተማ እንደ እኔ የተከበረ ሽማግሌ አልነበረም።

የቁጣዋ ምክንያት ብሬከሩ ነው። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤት አለ። አንዱ የእኛ ነው። ሁለተኛውን፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ከወሎ ወርዶ አገሩ ጥሞት እዚሁ የቀረ ፀጉር አስተካካይ ተከራይቶታል። ሦስተኛው በመንገዱ በኩል የሚከፈተው የሐጂ ሱቅ ነው። ሐጂ የዕድሜ አቻዬ ናቸው፤ ከስኳር እስከ ሽቶ፣ ከጀለቢያ እስከ አምፖል ይሸጣሉ። ሦስት ቤት ብንሆንም ቆጣሪያችን አንድ፣ ብሬከራችንም አንድ ነው። የእኛ ፍሪጅና ቬንትሌተር፣ የወሎዬው ፀጉር መቁረጫ፣ የሐጂ የለስላሳ ማቀዝቀዣ አንድ ላይ የተነሱ እንደሆነ ብሬከሩ «ቷ!» ብሎ ይወርዳል። ጧት በጥላው ቢወርድ ማን ይቀየመው ነበር! እሱ ግን ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ እግሯን አጣጥፋ እስክትቀመጥ ይጠብቃል። ከዚያ ቬንትሌተሩ ክንፉን እየጎተተ፣ እየጎተተ፣ ቀጥ ይላል። ሚስቴም ከአልጋዋ ቀና ትልና ቬንትሌተሩን ሳይሆን እኔን ታየኛለች።

ጎንደር ያለችው እህቷ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች። «እኛማ ብርድ ልብስ ደራርበን ነው የምንተኛው» ትላለች፤ ስልኩን አልፎ እኔ ጆሮ እንዲገባ እየጮኸች።

አንድ ቀን ሚስቴ ከቁም ሳጥኑ ላይ ቦርሳዋን አወረደች። አቧራውን አራገፈች። ወሰደችና በሩ ሥር አቆመችው።

«ቅዳሜ ጧት የጎንደር መኪና አለ» አለችኝ። «እስከዚያ ይህ ቬንትሌተር አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ሳይቆም ሲውል ካየሁ እቀራለሁ። ካላየሁ ክረምቱ ሲገባ እንገናኛለን።»

ክረምቱ ሲገባ! ከመጋቢት እስከ ክረምት ምን ልበላ ነው? ሻይ ማፍላት እችላለሁ፤ ሌላ የማውቀው ሙያ ሻዩን መጠጣት ነው። ሆዱስ ይሁን፣ ሐጂ ቤት ሽሮ አይጠፋም። ከማን ጋር ልቀልድ ነው? ቀልዶቼን ሁሉ የምታውቃቸው እሷ ናት፤ መጨረሻቸውን እያወቀች «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ብቻዬን እየቀለድኩ ብቻዬን ብስቅ ጎረቤት ጠበል ሊወስደኝ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ስነዳ ነው። ሞተር ሲያቃስት ሞተሩን አትሰድበውም፤ ጭነቱን ትቀንስለታለህ። ስለዚህ በማግስቱ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ከወረዳ እንደመጣ ተቆጣጣሪ ቤቴን እየዞርኩ መብራት የሚበላውን ሁሉ መፈለግ ጀመርኩ።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ ሳሎኑ መሀል ቆሜ።

«አምፖል ነው» አለች ሚስቴ ከርከዴ እየለቀመች።

«አምፖል አይደለም፣ ምድጃ ነው! ሥሩ ዕንቁላል ቢቀመጥ ጫጩት ይፈለፍላል።» እውነቴን ነበር። ያ ቢጫ አምፖል ከሚያበራው የሚያሞቀው ይበልጣል። ነቅዬ ከሐጂ ሱቅ ነጩን፣ ቀዝቃዛውን አምጥቼ ተካሁት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶም በቀይ ዓይኑ ሲያየን ስለሚውል ከነገመዱ ነቀልኩት። ስልክ ሳይኖርበት ሶኬቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቻርጀር ሰበሰብኩ። በየቀኑ አንዳንድ ጀለቢያ የምተኩስበትን ካውያ፣ «ከዛሬ ጀምሮ የሳምንቱ ልብስ በአንድ ጊዜ፣ ያውም ማለዳ!» ብዬ አወጅኩ። ሻይም ጧት አንዴ ይፈላና ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል። መስኮት ጧት ይከፈታል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል።

ሚስቴ ሁሉንም አዳምጣ ስታበቃ ከከርከዴው ቀና አለች።

«ፍሪጁን በቀን ስንት ጊዜ የሚከፍተው ማን ነው?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።

ከዚያማ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ብሬከሩ በለመደው ሰዓት ወረደ። በማግስቱም ወረደ። ቬንትሌተሩ ቆመ፤ ሚስቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቦርሳው በሩ ሥር ቆሞ እሱም ያየኝ መሰለኝ።

ሐሙስ ጧት ሚስቴ እህል ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። እኔ ወንበሬን ፍሪጁ ፊት አድርጌ ቁጭ አልኩና ጆሮዬን ጣልኩ። ይጮኻል። አያርፍም። ሌላው ፍሪጅ ትንሽ ሠርቶ ትንሽ ዝም ይላል፤ የእኛ ግን ሽንፋ ወንዝ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ትራክተር ያለ ዕረፍት ያጓራል። በምዕራብ በኩል ያለውን የቆርቆሮ ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው። እዚያ ያቆምኩት ራሴ ነኝ፤ ቦታውን የመረጥኩት ጭንቅላቴ ደባርቅ እያለ ጀርባዬን ቬንትሌተሩ እንዲያገኘው ብዬ ነው።

«በሙቀት ነው እንዲህ የሚሆነው፤ ያሳዝናል» አልኩ ለራሴ። ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ቆላ እርሻ ላይ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። የመጠጥ ውሃ ያለበትን ጀሪካን እርጥብ ኬሻ እናለብስና ትራክተሩ ጎን እናስረዋለን። ትራክተሩ ሲሄድ ነፋሱ ኬሻውን ያገኘዋል፤ እርጥበቱ እየተነነ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። እኩለ ቀን ላይ ከሞተር ወርደህ ከዚያ ጀሪካን ስትጠጣ ጥርስህ ይነዝራል። ያለ መብራት፣ ያለ ገመድ፣ በኬሻ ብቻ!

እኔም አሰብኩ። ያውም በጥልቀት አሰብኩ፤ ጉዳቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መብራት የሌለው ጀሪካን በኬሻ እንዲህ ከቀዘቀዘ፣ መብራት ያለው ፍሪጅ ኬሻ ቢለብስ ምን ሊሆን ነው? በረዶ ሊጥል ነዋ! ከዚያ ፍሪጁ ያርፋል፣ ብሬከሩ ያርፋል፣ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል፣ ሚስቴ ትቀራለች።

የሰሊጥ ኬሻዎቹን ከዕቃ ቤት አወጣሁ። በርሜል ውስጥ ነከርኳቸው። እያንጠባጠቡ አምጥቼ ፍሪጁን ከኋላም ከጎንም ሸፈንኩት፤ በትራክተር ገመድ ወገቡን ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። የሚከፈተውን በኩል ብቻ ተውኩለት። ለደህና ይሁን ብዬም ከላይ አንድ ጆግ ውሃ ደፋሁበት። ወደ ኋላ ሄድ ብዬ ሳየው ቆንጆ ነበር። ውሃ ለመቅዳት የተዘጋጀች ሙሽራ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ድምፁን ቀነሰ። «እሰይ!» አልኩ። ቀጥሎ ድምፁን ጨመረ። ቀጥሎ የረጠበ ውሻ ምድጃ ዳር ሲተኛ የሚሸተውን ዓይነት ሸተተ። መቀዝቀዙን ላረጋግጥ እጄን ጎኑ ላይ ጣል አደረግኩ።

እስከ ክርኔ ድረስ ነዘረኝ። እኔ «ዋይ!» ስል ብሬከሩ «ቷ!» አለ፤ ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ግቢው ጸጥ አለ። ከወሎዬው ክፍል አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ያ ዞል! ማን ነው መብራቱን የነካው?»

ሐጂ ናቸው፤ ሱዳኖቹ ሰውን የሚጠሩበት አጠራር ከአፋቸው አይጠፋም። ወጥተው ሳያቸው ክርኔንም ረሳሁት። ነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሯል። በቀኝ በኩል ያለው ፀጉራቸው ሙልጭ ብሏል። በግራ በኩል ያለው እንዳለ ነው። በዚያን ቀን ሽንፋ የዘመዳቸው ልጅ ኒካህ ነበር፤ የሚወስዳቸው ሚኒባስ መንገዱ ላይ ቆሞ ክላክሱን ይነፋል።

«ሐጂ፣» አልኩ ሳቄን ውጬ፣ «ከየትኛው ጎን ልሰላምዎ?»

«አንተ ነህ! አወቅኩ! መብራት ሲሄድ አንተ ካልሆንክ ሌላ ማን ይሆናል?» አሉና ወደ ቤት አንገታቸውን አስገቡ። ፍሪጁን አዩት። «ታሞ ነው?»

«አይ፣ እያቀዘቀዝኩት ነው።»

«ፍሪጁን?»

«አዎ።»

«ፍሪጅን የምታቀዘቅዝ ከሆነ፣ ወላሂ፣ ነገ ፀሐይን ታሞቃለህ።»

ወሎዬው የቆመ ማሽኑን በእጁ እንደያዘ ብሬከሩን ሊያነሳ ሮጠ። ያነሳዋል፣ «ቷ!» ይላል። ያነሳዋል፣ «ቷ!» ይላል።

«አባባ፣ እምቢ ይላል» አለኝ በዚያ ለስላሳ አነጋገሩ። «ፍሪጁ ካልተነቀለ የሚነሳ አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ንቀለው።»

«እኔ? እርስዎ አይነቅሉትም?»

«እኔማ ድርሻዬን ነክቻለሁ።»

ሦስታችን በሩ ላይ ተደርድረን ፍሪጁን እናያለን፤ ውሃ ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ ሚኒባሱ ይጮኻል። ሐጂ በአንድ በኩል ፀጉር ኒካህ ይካሄድ እንደሆነ ይጠይቃሉ። «ከሽማግሌዎቹ በስተግራ ይቀመጡና ቀኝዎን ያሳዩዋቸው» ብላቸው ጨርቁን ፈትተው ወረወሩብኝ።

በዚህ መሀል ሚስቴ ዱቄቷን ይዛ ገባች። ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። መጀመሪያ ሐጂን አየች። ቀጥሎ ወሎዬውን። ቀጥሎ እጁን ከጀርባው የደበቀውን ባሏን። በመጨረሻ በገመድ የታሰረውን ፍሪጅ አየች።

ዱቄቱን አስቀመጠች። ራሷም ዱቄቱ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው የሳቀችው። በዚያ ወር ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። እየሳቀች ትናገራለች፣ እየተናገረች ትስቃለች፤ ከመሀሉ የምንሰማው «ጀሪካን... ጀሪካን መስሏቸው!» የሚለውን ብቻ ነው። እሷም የቆላ ልጅ ናት፤ ሳልነግራት ገብቷታል። የእሷን ሳቅ አይቶ ወሎዬው ሳቀ፤ ሐጂም ባለ ፀጉሩን በኩል እያሻሹ ሳቁ፤ እኔም ክርኔ እየነዘረኝ ሳቅሁ።

ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። «ብሬከሩ ወርዷል። እንደ ወረደ ይቆይ፤ ማንም እንዳይነካው» አለችና ሄዳ ራሷ አየችው። ተመልሳ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለች። ይኸው ነው። ወሎዬው ብሬከሩን አነሳው፤ የፀጉር ማሽኑ ጮኸ፤ ሐጂ ሙሉ ራስ ሆነው ሚኒባሱ ላይ ወጡ። በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ምን እንዳሉኝ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ ፍሪጁን ተጋግዘን ከግድግዳው ሳብነው። ሚስቴ መዳፏን ቆርቆሮው ላይ አሳርፋ ወዲያው አነሳችው።

«ይህንን ከምድጃ ጋር ጀርባ ለጀርባ ያቆመው ማን ነው?»

ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ ምንም የተጻፈ አልነበረም።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ፍሪጅ ከሆዱ ያወጣውን ሙቀት የሚተነፍሰው በጀርባው ነው። ጀሪካን ምንም አይተነፍስም። እኔ ደግሞ በጋለ ግድግዳ አፍኜው መክረሜ ሳያንስ አፍንጫውን በኬሻ አስሬ፣ ውሃ ደፍቼ፣ «ለምን ታቃስታለህ?» እላለሁ። ወደ ምሥራቁ ግድግዳ፣ ፀሐይ ወደማታገኘው ጥግ ወሰድነው፤ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገን፣ እስከ ማግስቱ እንዲደርቅ ተውነው።

ኬሻዎቹን ማንም እንዳያያቸው አንስቼ በተከፈተው የምዕራብ መስኮት ላይ ሰቀልኳቸው። ለማድረቅ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ የዚያን ቀን ሐሳቤ ሁሉ ኬሻ ሆኖ አልቋል።

ከምሳ በኋላ ከሱዳን በኩል የሚነሳው ትኩስ ነፋስ መጣ። እኛም እንደ ልማዳችን ላብ ለመጥረግ ጨርቅ አዘጋጅተን ጠበቅነው። ሚስቴ ጋደም ብላ ዓይኗን ከድናለች። ድንገት ከፈተችው።

«ማን ነው ፍሪጁን የከፈተው?»

«እኔ አይደለሁም!» አልኩ ዘልዬ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቴን ነበር። ነፋሱ በኬሻው አልፎ ይመጣል። እሳት ሆኖ መጥቶ ውሃ የነካው እጅ ሆኖ ፊታችንን ይዳብሰናል። መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። የትራክተሩ ጎን ትዝ አለኝ፤ ጀሪካኑ ትዝ አለኝ።

«ሴትዮ፣» አልኩ፣ «ጀሪካኑ እኛ ነን!»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ኬሻው መልበስ ያለበት ፍሪጁ ሳይሆን ቤቱ ነበር!»

የእግሯን ጣቶች ወደ ነፋሱ አዞረች።

የቀረችን ዓርብ ናት። ዓርብ ካልተሳካ ቅዳሜ መኪናው አለ። ማለዳ ተነስቼ ኬሻዎቹን አርጥቤ ሰቀልኩ፤ ከሶኬቱ በደንብ አርቄ፣ ተምሬያለሁና። ፍሪጁ ደርቆ በአዲሱ ጥግ ተሰካ፤ ትንሽ ሠራ፣ ዝም አለ። ዝም ሲል ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ማረፉ ነው። ሐጂም ከሽንፋ ተመልሰው፣ ለስላሳቸውን በማለዳው ቅዝቃዜ አቀዝቅዘው ከሰዓት ማቀዝቀዣቸውን ሊያጠፉ ተስማሙ። «ለባለቤትህ ስል ነው፣ ላንተ አይደለም» አሉኝ።

ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠች። እኔ አንገረቡ ላይ፣ ያ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ላይ፣ እጆቼን ጉልበቶቼ ሥር አድርጌ ተቀምጬ የፍሪጁን በር አያለሁ። ራሰ በራዬ ይለምነኛል። ደባርቅ ትጠራኛለች። አልሄድኩም! ወሎዬው ደንበኛ አገኘና ማሽኑ ጮኸ። ፍሪጁ ተነሳ። ቬንትሌተሩ ክንፎቹ እስኪቆጠሩ ድረስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሚስቴ በአንድ ዓይኗ ቬንትሌተሩን፣ በአንድ ዓይኗ ቦርሳውን ታያለች። ከዚያ ክንፎቹ ፈጥነው እንደገና ከዓይን ጠፉ። ዞረ። ፀሐይ ሱዳን እስክትገባ ድረስ ዞረ።

ልጨፍር ተነስቼ ወገቤ ከለከለኝ። ሚስቴ ግን ከርከዴዋን ወደ መልቀሟ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጧት ስነቃ ቦርሳው በሩ ሥር ነው። ዚፑ ተዘግቷል። ሊፈነዳ ደርሷል።

«ቦርሳውን ያስጭኑልኝ» አለችኝ። ያስጭኑልኝ!

ቀልድ አጣሁ። እኔ፣ ቀልድ! ባጃጁ ላይ ቦርሳውን ጭኜ አጠገቧ ተቀምጬ እስከ መናኸሪያው ሄድኩ። «ቬንትሌተሩ እኮ ዞሯል» ልላት አፌን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። መኪናው ጋ ስንደርስ ረዳቱ ቦርሳውን ተቀብሎ «እናቴ፣ መስኮት ጋ ላስቀምጥዎት?» አላት።

«ማንን?» አለችው። «ቦርሳው ነው የሚሄደው። ጎንደር መናኸሪያ እህቴ ቆማ ትጠብቃለች። ሰሊጥና ከርከዴ ነው፤ ከላይ ዕቃ እንዳትጭኑበት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምነው አፍዎን ከፈቱት? ዝንብ ሊገባ ነው።»

ቤት ስንደርስ እሷ ቀድማ ገባች፤ እኔ ወሬውን ለሐጂ ልነግር ሱቁ ጋ ቆምኩ። ሐጂ ሰምተው «ሚስትህ ቀረች፣ አልሐምዱሊላህ፤ እኛ ግን ካንተ ጋር ቀረን» አሉኝ። ከሱቁ እስከ ቤቴ በር እየሳቅኩ መጣሁ፤ ወገቤም ያን ጧት ነገር አላበዛም።

ገብቼ ባይ ሚስቴ የለችም። ቀሚሷ አለ፣ ጀርባዋ አለ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አለ። ጭንቅላቷ የለም። በወተቱና በቲማቲሙ መሀል ነው።

«ሴትዮ!» ብዬ ጮኽኩ። «ይዘጋ! ብሬከሩ!»

ቀና እንኳ አላለችም። ድምፅዋ ከደባርቅ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ኬሻውን አርጥብ።»